ጥቅምና ወዳጅነት በአገሮች መካከል

ከጥቅም ያልጸዳ ወዳጅነት እውነተኛ ሊሆን አይችልም የሚል አስተሳሰብ አለ። በዚህ አስተሳሰብ ንግድ የሂሳብ፥ ወዳጅነት ደግሞ የኅሊና ጉዳይ ነው። ይሁንና የታሪክ ተመክሮ ሁለቱን በዚህ መልክ መነጣጠል አስቸጋሪ መሆኑን ያመለክታል።

ዛሬ ስሪ ላንካ የምትባለው ሲሎን እ.ኤ.አ. በ1952 ከሁለት ወገን ተጨንቃ ነበር። በኮሪያ ጦርነት ሳቢያ ንሮ የነበረው የጥሬ ጎማ ዋጋ ሲያሽቆለቁል፥ ከውጭ የምታስገባው ሩዝ ተወደደ። ቻይና በበኩሏ፥ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1951 በወሰነው ማዕቀብ ምክንያት ጎማ የሚሸጥላት አጥታ ነበር። ሁለቱ መንግሥታት በርዕዮተ ዓለም የሚቃረኑ፥ ኤምባሲም ያልተለዋወጡ ነበሩ። ያም ሆኖ በ1952 መጨረሻ ለ5 ዓመት የሚጸና ስምምነት በፔኪንግ ተፈራረሙ። በዚህም መሠረት ሲሎን በየዓመቱ 50,000 ቶን ጎማ፥ ቻይናም 270,000 ቶን ሩዝ ለማቅረብ ተስማሙ።

የስምምነቱ ሥነ ምግባራዊ ቁም ነገር ከመጠኑ ይልቅ በዋጋው ላይ ይታያል። ቻይና ጎማውን ከዓለም ገበያ በላቀ ዋጋ ገዛች፤ ሩዙንም ከገበያው ዝቅ ባለ ዋጋ ሸጠች። ይህን ሁሉ ለቸርነት መስጠት የዋህነት ነው፤ ማዕቀቡን የሚደፍር ሻጭ ያስፈልጋት ነበርና። ሲሎንም በድፍረቷ የአሜሪካን እርዳታ አጥታለች። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እንዲሉ፥ ሁለቱም ለራሳቸው ቆርሰዋል፤ የባልንጀራቸውን ድርሻ ግን አላሳነሱም። ጥቅም የሚወገዘው የሌላውን ጭንቀት መክበሪያ ሲያደርግ ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1953 የሲሎን መንግሥት በራሽን የሚታደለውን የአንድ መስፈሪያ ሩዝ ዋጋ ከ25 ሳንቲም ወደ 70 አሳደገ። በነሐሴ ወር ሕዝቡ ሥራ አቁሞ ተነሣ፤ ሰዎችም በጥይት ወደቁ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዱድሊ ሴናናያኬም በዚያው ዓመት ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በውጭ የተገኘው ፍትሐዊ ዋጋ፥ በውስጥ ለድሀው ገበታ ፍትሕን አላረጋገጠም።

ኤምባሲ የተከፈተው ንግዱ ከተጀመረ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1957 የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ሲመሠረት ነው። ስምምነቱም በየጊዜው እየታደሰ እስከ 1982 ዘልቋል። እንግዲህ የአገሮች ወዳጅነት በሁለት ጥያቄዎች ሊመዘን ይገባል፤ አንደኛው ወገን ሲቸገር ሌላው ዋጋውን ወዴት አደረገው? የተገኘውስ ፍሬ ከማን ቤት ገባ? ለመጀመሪያው የሚመልሱት ተዋዋዮቹ ናቸው፤ ለሁለተኛው ግን እያንዳንዱ መንግሥት ለገዛ ሕዝቡ መልስ መስጠት አለበት።