በመደብሩ ደጃፍ ያለው ማደያ

ቤንዚን ገዢው ሳያየው የሚገዛው ሸቀጥ ነው። ከመሬት በታች ከተቀበረ ታንከር ተስቦ፣ በጎማ ቱቦ አልፎ መኪናው ሆድ ውስጥ ይገባል። ጨርቅ ቢሆን ይዳስሱታል፣ ቡና ቢሆን ያሸቱታል፣ በርበሬ ቢሆን ቆንጠር አድርገው ይቀምሱታል። ቤንዚን ግን የሚታየው ቁጥሩ ብቻ ነው። የእገሌ ኩባንያ ነዳጅ ይሻላል ብሎ የሚምል አይጠፋም፤ አብዛኛው አሽከርካሪ የሚያነበው ግን መንገድ ዳር የተሰቀለውን ዋጋ ነው፤ ያንንም መኪናው እየሮጠ። ሳሙናና ካልሲ የሚሸጥ ትልቅ መደብር ለምን ማደያ ይከፍታል ብዬ ሳስብ ሁልጊዜ የምነሳው ከዚህ ነው። መደብሩ በውስጡ የደረደረው ሺህ ዓይነት ዕቃ ርካሽ መሆኑን ለአላፊ አግዳሚው ዘርዝሮ ማስረዳት አይችልም። በአንድ ቁጥር ግን ይችላል።

ይህን ቀድሞ ካስተማሩት አንዱ በርናርዶ ትሩሂዮ የተባለ ኮሎምቢያ የተወለደ ሰው ነው። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ዴይተን ከተማ፣ የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን ለሚሠራው ኤንሲአር ኩባንያ ተቀጥሮ፣ ከብዙ አገር ለሚመጡ ነጋዴዎች ስለ ዘመናዊ ችርቻሮ ንግድ ሴሚናር ይሰጥ ነበር። ትምህርቱ ሲጠቃለል ሁለት ነገር ነው፤ መኪና ማቆሚያ ከሌለ ንግድ የለም፤ ጥቂቱን ዕቃ በኪሳራ ሽጠህ ሰዉን አምጣ፣ ትርፍህን ከሌላው ታገኛለህ። ከተማሪዎቹ መካከል ከፈረንሳይ የሄደው ማርሴል ፉርኒዬ ይገኝበታል። እሱ ከአጋሮቹ ጋር የመሠረተው ካርፉር እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 1963 ከፓሪስ በስተደቡብ በሴንት ዠንቪዬቭ ዴ ቧ ግዙፍ መደብሩን ሲከፍት፣ 2,500 ካሬ ሜትር አዳራሽ፣ 400 መኪና የሚያቆም ሜዳ፣ በሜዳውም ላይ ነዳጅ በቅናሽ የሚቀዳበት ማደያ ነበረው። ሥጋው፣ ጫማውና ቤንዚኑ በአንድ ግቢ መዋሉ ለፈረንሳዮች አዲስ ነገር ነበር።

በአገራችን ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ሚዛኑን ከሞላች በኋላ አንድ ሁለት ራስ ትመርቃለች። ምርቃቱ ደንበኛዋን ያስደስታል፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ይመልሰዋል። የመደብሩ ርካሽ ነዳጅ ለእኔ የዚያ ምርቃት ዘመድ ነው። ልዩነቱ፣ የሽንኩርቷ ምርቃት ከግዢው በኋላ ዓይን ለዓይን ተያይተው ይሰጣል፤ ይሄኛው ግን ሰውየው ገና ምንም ሳይገዛ፣ ደጅ ላይ ሳለ፣ ማንነቱን በማያውቅ ማሽን ይታደለዋል።

አሜሪካ ውስጥ ይህን ሐሳብ በተለየ መንፈስ የያዘው ሶል ፕራይስ ነው። ጠበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 በሳን ዲዬጎ ፌድማርት የሚባለውን የቅናሽ መደብር ለመንግሥት ሠራተኞች በአባልነት ከፈተ፤ ነዳጅም ይሸጥ ጀመር። ፕራይስ ነጋዴ ለደንበኛው የአደራ ግዴታ እንዳለበት ያምን ነበር፤ የሕግ ባለሙያ ነውና አደራ የሚለውን ነገር የዋዛ አላየውም። እዚያው ፌድማርት ውስጥ ገና በወጣትነቱ ሥራ የጀመረው ጂም ሲኔጋል እ.ኤ.አ. በ1983 ከአጋሩ ጋር ኮስትኮ የተባለውን የመደብር ሰንሰለት መሠረተ። ኮስትኮ የመጀመሪያ ማደያውን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1995 በአሪዞና ግዛት ቱሳን ከተማ ነው። በዓመቱ ደግሞ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በዚያን ጊዜ ኤል ዶራዶ፣ አርካንሳስ የነበረው የነዳጅ ኩባንያ መርፊ ኦይል በቴነሲዋ ቻታኑጋ ከዋልማርት መደብር ግቢ የመጀመሪያውን ማደያ ተከለ። ከዚያ በኋላ ከዋልማርት ጎን የተተከሉት የመርፊ ማደያዎች ከሺህ በላይ ሆኑ።

ለምን በ1990ዎቹ አጋማሽ? ይህ ጥያቄ ብዙ አሳስቦኛል፤ ከመልሱ ትልቁ ክፍል ከመሬት በታች የተቀበረ ይመስለኛል። የድሮ ማደያዎች ታንከር ተራ ብረት ነበር። እየዛገ ቤንዚን ወደ አፈሩና ወደ ጉድጓድ ውኃ ያሰርግ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ደንብ እስከ ታኅሣሥ 1998 ድረስ ሁሉም ታንከሩን እንዲያድስ፣ እንዲቀይር ወይም እንዲዘጋ አሥር ዓመት ሰጠ። ደንቡ ትክክል ነበር፤ የሰው የመጠጥ ውኃ ነው። ነገር ግን መሬት ቆፍሮ ታንከር መቀየር ባለ ሁለት ፓምፕ ትንሽ ማደያ ላለው ሰው ከአቅም በላይ ወጪ ነው። ብዙዎች ቀኑ ሳይደርስ ዘጉ። ትልቁ መደብር ደግሞ ባዶ ሜዳ አለው፤ ከመነሻው አዲሱን ታንከር ይቀብራል። በዚያው ሰሞን ካርድ ፓምፑ ላይ አስገብቶ መክፈል ስለተለመደ፣ አሥራ ሁለት መኪና በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድ ማደያ ከአንድ ሠራተኛ በላይ አያስፈልገውም ነበር። የቀደሙት የመርፊ ማደያዎች በመስተዋት የተከበበች ጠባብ ዳስ ነበረቻቸው፤ በውስጧ ሲጋራ፣ ለስላሳና አንድ ሰው።

ያንን ብቸኛ ሠራተኛ ሳስብ የቀድሞው ማደያ ይመጣብኛል። በቀድሞው የአሜሪካ ማደያ ቀጂው ወጥቶ ነዳጅ ይቀዳል፣ የሞተር ዘይት ይለካል፣ የጎማ ነፋስ ያያል፣ መስተዋት ይወለውላል፣ ለመንገደኛም አቅጣጫ ያሳያል። ኒው ጀርሲ እ.ኤ.አ. በ1949 አሽከርካሪ ራሱ እንዳይቀዳ በሕግ ከልክላ እስከ ዛሬ ጸንታበታለች። በአብዛኞቹ ሌሎች ግዛቶች ግን ራስን ማስተናገድ ሳንቲም ስለሚያድን ሰዉ በፈቃዱ ከመኪናው ወረደ። ቀጂው የሄደው የመደብር ማደያ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ መደብሩ ያደረገው ባዶውን ቦታ ማስፋት ነው።

መደብሩ ራሱ ከየት እንደመጣ ለማየት ወደ ኋላ እንመለስ። እ.ኤ.አ. 1962 ለአሜሪካ ችርቻሮ ንግድ ልዩ ዓመት ነበር። ኬማርት በሚሺጋን፣ ታርጌት በሚኒሶታ፣ ዋልማርት በአርካንሳስ የመጀመሪያ በራቸውን የከፈቱት በዚያው ዓመት ነው። አገር አቋራጩ አውራ ጎዳና እንዲሠራ ሕግ ከወጣ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። መሬት የሚረክሰው ከከተማ ዳር ነውና መደብሮቹ ዳር ዳሩን ያዙ። መሐል ከተማ የነበረው ጫማ ቤት፣ መድኃኒት ቤትና ሃርድዌር መደብር ደንበኛው ወደ ዳር ሲሄድበት አንድ በአንድ ዘጋ። ድሮ በእግሩ ዳቦ ይገዛ የነበረ ሰው አሁን ለዳቦም መኪና ማስነሳት አለበት። ቤንዚን ያስፈልገዋል። ታዲያ መንገዱን ያራዘመበት መደብር ለመንገዱ የሚሆነውን ነዳጅ በቅናሽ ይሰጠዋል፤ ይህ ለእኔ የዚህ ታሪክ እምብርት ነው። በአንድ ጋሎን የዳኑት ሳንቲሞች እውነተኛ ናቸው፤ ደረሰኙ ላይ ተጽፈዋል። የተራዘመው መንገድ ግን በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አይጻፍም። መኪና የሌላቸውን አዛውንት፣ መንገድ ዳር አቧራ እየጠጣች የገበያ ጋሪ የምትገፋውን እናት የሚቆጥር ሰሌዳ የለም። ይህን ስል መደብሩ ተንኮል አስቦ አደረገው ማለቴ አይደለም። ሁሉም የየራሱን ትንሽ ትክክለኛ ስሌት ሠራ፤ ድምሩን የሠራ ግን አልነበረም።

ፈረንሳይ ውስጥ የመደብሮች ርካሽ ነዳጅ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሷል። መንግሥት ለነዳጅ ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ ወስኖ ነበር። ኤዱዋር ለክሌር የመሠረተው የመደብሮች ሰንሰለት ግን ከዚያ በታች መሸጥ ጀመረ። በቱሉዝ አካባቢ የማደያ ባለቤቶች ከሰሱ፤ ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ጥር 29 ቀን 1985 የፈረንሳይ ማጣሪያዎችን ዋጋ መነሻ ያደረገው ዝቅተኛ ዋጋ ከሌላ አገር የሚመጣውን ነዳጅ የሚጎዳ፣ የሸቀጦችን ነፃ ዝውውር የሚጻረር ነው ሲል በየነ። በዚያው ዓመት ዋጋው ተለቀቀ። ዛሬ በፈረንሳይ ከሚሸጠው ነዳጅ ከግማሽ በላዩ የሚቀዳው በመደብሮች ደጃፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ከ40 ሺህ የማያንሱ ማደያዎች የነበሯት አገር አሁን ያሏት 11 ሺህ ገደማ ናቸው። የጠፉት አብዛኞቹ የገጠር መንደር ማደያዎች ነበሩ፤ ፓምፑ ከዳቦ ቤቱ አጠገብ የቆመ፣ ባለቤቱ የትራክተሩንም የሐኪሙንም መኪና የሚያውቅ። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1939 በወጣ ሕግ ነዳጅ ያለ ትርፍ እንዳይሸጥ ትከለክላለች፤ ጭማሪው ከ9.18 በመቶ ገደማ እንዳያንስ ይላል። ሕጉ ትንሹን ነጋዴ ይጠብቃል፣ ወጪው ግን ከአሽከርካሪው ኪስ ይወጣል። ሁለቱን ወገኖች ባዳመጥኩ ቁጥር ልቤ ወደ መንደሩ ማደያ ያደላል፤ ይህን ፍርዴን ግን የሚፈትኑብኝ ሰዎች አሉ።

እነሱም በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ታክሲ የሚነዱ፣ ሰውና ዕቃ የሚያመላልሱ ወገኖቻችን ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ የነዳጅ ዋጋ በመንግሥት ተተምኖ ስለሚወጣ በአንድ ከተማ ያሉ ማደያዎች የሚሸጡት በአንድ ዋጋ ነው፤ ሰልፍ ካለ እጥረት አለ ማለት ነው። አሜሪካ የደረሰ ሰው ግን በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ሁለት ዋጋ ያያል፤ ሰልፉም ያለው ነዳጅ በተትረፈረፈበት፣ በረከሰበት ማደያ ነው። በቀን አሥር ጋሎን የሚያቃጥል አሽከርካሪ በጋሎን ሃያ ሳንቲም ቢያድን በቀን ሁለት ዶላር፣ በወር ሃምሳ ስልሳ ዶላር ይሆንለታል። አገር ቤት ለሚልክ ሰው ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ለዚያ ሲል ገና ሳይነጋ ይሰለፋል። የሚከፍለው ግን በሌላ መልኩም ነው፤ ሃያ ደቂቃ ሞተር እያስነሳ፣ አንድ መኪና ወደ ፊት እያለ፣ ሰው ሊያጓጉዝበት ይችል የነበረውን ጊዜ ይሰጣል። ቢሆንም የአደራን ነገር ሶል ፕራይስ በተረዳው መንገድ ካየነው፣ ይህ ሰው ቅናሹ ይገባዋል። ርካሽ ነዳጅ የመንደሩን ማደያ ገደለ ብዬ ስናገር፣ የእሱን ሁለት ዶላር የማስመልስለት ሌላ መንገድ እንደሌለኝ አውቃለሁ።

አሁን ነገሩ ሊለወጥ ነው። ዋልማርት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 በሺዎች በሚቆጠሩ መደብሮቹ የራሱን የኤሌክትሪክ መኪና መሙያ እስከ 2030 እንደሚተክል አስታውቋል። ቤንዚን አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ የተቀዳለት ሰው መደብር ሳይገባ መሄድ ይችላል፤ ነዳጁ በኪሳራ ጭምር ይሸጥ የነበረው ይህን ሰው ወደ ውስጥ ለመሳብ ነበር። ባትሪ ግን በፈጣን መሙያም ግማሽ ሰዓት ሊፈልግ ይችላል፤ ሰውየው ይቆማል፣ ቆሞም ወደ ውስጥ ይገባል። በርካሽ ዋጋ የሚያባብሉበት ምክንያት ይቀንሳል። የራሱ ቤትና ጋራዥ ያለው ሰው ማታ ሰክቶ ይተኛል፤ በመደብሩ ዋጋ ላይ አይመሠረትም። አፓርታማ ተከራይቶ የሚኖረው፣ መኪናውን መንገድ ላይ የሚያሳድረው አሽከርካሪ ግን መሙያው ያለው በመደብሩ ሜዳ ይሆናል፤ ብዙ የሚነዳውም እሱ ነው። ለእሱ አንድ ኪሎዋት ሰዓት በስንት ይሸጥለታል የሚለውን ጥያቄ የከተማ ምክር ቤቶች ሜዳው ሳይቆፈር፣ የግንባታው ፈቃድ በእጃቸው ሳለ ቢያነሱት እመኛለሁ።