ከዘጠኝ ሰዓት በኋላስ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! በዐቢይ ጾም 55ቱን ቀናት ከሥጋና ከወተት እንርቃለን፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም የምንቆይ አለን። መልካም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላስ? በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ከዚያም ለስላሳ። አንዱ ጠርሙስ ብቻ ወደ 30 ግራም ስኳር ይዟል። «የጾም ነው» ስለተባለ ሰውነታችን አይለየውም።

ስኳር በሽታ፣ ደም ግፊት፣ የልብና የኩላሊት ሕመም ብዙ ጊዜ ተጠራርተው ነው የሚመጡት። ሆድ ሲገፋ፣ እንቅስቃሴ ሲጠፋ፣ ስኳሩ ከደም አልወርድ ይላል፤ የደም ሥርንም ይጎዳል። ጨው ሲበዛ ደግሞ ግፊቱ ጨምሮ ያንኑ የተጎዳ ሥር ይደበድበዋል። ሲጋራና መጠጥ ከታከሉበትማ! እንግዲህ አንድ ክፉ ልማድ የተወ ሰው የሚጠበቀው ከአንድ በሽታ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

ነቢዩ ዳንኤልና ሦስቱ ባልንጀሮቹ በባቢሎን ከንጉሡ ማዕድ ርቀው 10 ቀን በጥራጥሬና በውኃ ሲቆዩ ፊታቸው አልጠወለገም። ምስሩም፣ ሽሮውም፣ ጎመኑም በቤታችን አለ። ስግደቱንስ ለሽማግሌዎች የተውነው መቼ ይሆን?

አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል። ጾም ገባ ብሎ የግፊት ኪኒኑን በራሱ ፈቃድ የሚያቋርጥ አለ። ኢንሱሊን ተወግቶ ሳይበላ የሚውልም አለ፤ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ቀኖናችን ድውይን አያስገድድም። ስለዚህ ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙንም የንስሐ አባታችሁንም ጠይቁ። ጠበሉንም ጠጡ፣ ኪኒኑንም ዋጡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።