ከግላሱ ሥር

አንድ ነጋዴ በቅሎ ነበረችው። ግላሷ ቀይ ጥልፍ፣ ገበያ ስትገባ ሰው ዞሮ የሚያያት። ነጋዴው ራሱ ለቅሶ ቀዳሚ፣ ሰው አክባሪ፣ የዕድሩ ዳኛ ነው።

ቆይቶ በቅሎዋ ኮርቻ ሊጫንባት ሲል እየራገጠች አስቸገረች። ሰው «ጠባይዋ ተበላሸ» አለ፤ ጠበል የመከረም አልጠፋ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነጋዴውን «ታገሣት» አሉት፤ በቅሎዋንም አንገቷን እየደባበሱ «አንቺም ቻዪው» አሏት።

አንዲት ጠላ ሻጭ አሮጊት ግን ዝንቦች ከግላሱ ሥር ሲገቡ አየች።

«ልጄ፣ እስቲ ኮርቻውን አውርደው።»

«ለምን እናቴ?»

«ዝንብ ለጥልፍ አይመጣም።»

ሲወርድ ጀርባዋ በሙሉ ገጣባ ነው፤ በድሮው ቁስል ላይ አዲስ። ነጋዴው አለቀሰ። እንባው የእውነት ነበር። ለስላሳ ድብዳብ ገዝቶ በማግስቱ ሊጭናት መጣ። አሮጊቷ «ገጣባ ኮርቻ ሳይወርድለት አይሽርም» ብላ በቅሎዋን ግቢዋ አስቀረቻት። በሦስተኛው ቀን በቅሎዋ ራሷ ወደ ለመደችው ግርግም ተመለሰች። ሰዎች «አየሽ፣ ወዳው ነው» ብለው ሳቁ። አሮጊቷ የግቢዋን በር ሳትዘጋው አደረች።

ኮርቻ ያልኩት ባል በሚስቱ ላይ የሚያሳርፈውን ጡጫ ብቻ አይደለም። ደመወዟን ተቀብሎ የታክሲ የሚቆጥርላት፣ ስልኳን የሚበረብር፣ ከእናቷ ቤት ያስቀራትም ጭኗታል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶው እርዳታም አልጠየቁ፣ ለማንም አልተናገሩ። ሕግ ጠፍቶ አይደለም፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ያስቀጣል። ሽማግልናን አልጠላም፣ ስንት የድንበር ጠብ አብርዷል። እዚህ ግን የሚያስታርቀው ቁስልን ከኮርቻ ጋር ነው።

ኮርቻው የሚወርድበት ቦታ አለ። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር መጠለያ ይሰጣል፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነፃ ያማክራል፤ አዲስ አበባ ጋንዲ ሆስፒታል ሕክምናና የሕግ እርዳታ በአንድ ቦታ ይገኛል። ጎረቤት ግን ከሁሉም ይቀርባል። ባልየውን ሄዶ መጋፈጥ ዱላውን መልሶ እሷው ላይ ያሳርፈዋል። የጋብቻ ወረቀቷን፣ የሐኪም ማስረጃዋንና የልጆቿን የልደት ካርድ «አስቀምጪልኝ» ካለች፣ ተቀብሎ ዝም ነው። ነገ ወደ ቤቷ ብትመለስም ወረቀቱ እዚያው ይቆያት።