ጎፈር ለማን?

ለየካቲት 23 የአድዋ ትርኢት አርባ ጎፈር ለመሥራት ሦስት ሌሊት ቁጭ አልን። ቃጫውን ጥቁርና ቡናማ ቀለም ነከርን፣ አደረቅን፣ አበጠርን፣ ከዚያ በወፍራም ጨርቅ ላይ ሰፋነው። ሥሩ ጠበቅ ካላለ የአንበሳ ፀጉር መምሰሉ ቀርቶ ግንባር ላይ ይደፋል። ማሰሪያው በአገጭ ሥር የሚቋጠር ጠፍር ነው፤ ፉከራው ሲጦፍ እንዳይወልቅ ግን ከውስጥ ላስቲክ ጨመርንበት።

አንዱ ጓደኛችን «በ1888 ላስቲክ ነበር እንዴ? ይኸ ማጭበርበር ነው» አለ። እኔን ላስቲኩ አላስጨነቀኝም፤ ማንንም አያታልልም። ያስጨነቀኝ አርባ የሚለው ቁጥር ነው።

ጎፈር እኮ አንበሳ የገደለ፣ በጦር ሜዳ የተመሰከረለት ሰው ምልክት ነበር። ወደ አድዋ ከዘመተው፣ መቶ ሺህ ያህል ከሚገመተው ሕዝብ የሚበዛው ግን ከእርሻው የተነሣ ገበሬ ነው። ስንቅ ያዘጋጁ፣ ውሃ ያቀበሉ ሴቶችም አሉበት። ታዲያ ለሁሉም ጎፈር ስንደፋላቸው አከበርናቸው ወይስ ሸሸግናቸው? ገበሬው በራሱ ልብስ ጀግና አይመስልም ብለን ፈርደናል ማለት ነው።

«ተመልካች ጎፈር ይወዳል» አለኝ አዘጋጁ። እውነቱን ነው። እኔም መስታወት ፊት ደፍቼው ደረቴ ተነፍቶ ነበር፤ ምን ልዋሽ!

ከብዙ ክርክር በኋላ ሠላሳውን አስቀረን። በምትኩ ከየመኝታ ክፍሉ ነጭ ጨርቅ ለምነን አመጣን። ራስ ላይ ማሰር የሚያውቅ ግን ከመሃላችን ጠፋ። ያሳዩን የወጥ ቤቷ እትዬ ናቸው፤ «ከኋላ አጥብቁት እንጂ! እየፎከረ የሚፈታበት ሰው ያሳፍራል» እያሉ።