የተሰጠ ቃል ወደ ኋላ ይሻራልን?

በአሜሪካ የመድን ሥራን የመቆጣጠር ሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1945 በወጣው የማካራን ፈርጉሰን ሕግ መሠረት በዋናነት የየክፍለ ግዛቱ በመሆኑ፣ የጥርስ መድን ውል በምን ምክንያትና በምን ዓይነት ማስጠንቀቂያ እንደሚቋረጥ የሚደነግጉት በአብዛኛው የክፍለ ግዛት ሕጎች ናቸው። «ማቋረጥ» ውሉ ከዚያ በኋላ እንዳይሠራ ማድረግ ሲሆን፣ «ከመነሻው መሻር» ግን ውሉን እንዳልነበረ የሚቆጥር እርምጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የፌዴራል የጤና ሕግ ከማጭበርበርና ሆን ተብሎ ከተሰጠ የሐሰት መረጃ በቀር ከመነሻው መሻርን ቢከለክልም፣ ለብቻው የሚሸጥ የጥርስ መድን በአብዛኛው ከዚህ ጥበቃ ውጭ ነው።

ጥያቄው የሕግ ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባርም ነው። የጥርሱ ሥር ተጠርጎ፣ ቀዳዳው በጊዜያዊ መሙያ ተደፍኖ፣ ቆብ እስኪገጠምለት ቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው ውሉ መሐል ላይ ቢቋረጥበት፣ የሚያጣው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ተማምኖበት ሕክምናውን የጀመረበት ቃል ጭምር ነው። የእንግሊዝ ዳኛ የነበሩት ሎርድ ማንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ1766 በካርተርና በቦም ክርክር እንዳስረዱት፣ በመድን ውል ቅን ልቦና ሁለቱንም ወገኖች ያስራል፤ ስለዚህ ደንበኛው እውነቱን የመናገር ግዴታ እንዳለበት ሁሉ፣ አረቦኑን፣ ማለትም የመድኑን ክፍያ፣ ሲቀበል የቆየው ድርጅትም የችግር ቀን ሲመጣ ሰበብ የመፈለግ መብት የለውም። ቃል የእምነት ዕዳ ነውና፣ በቂ ማስጠንቀቂያን፣ የተገለጸ ምክንያትንና የተጀመረ ሕክምናን የማስጨረስ ግዴታን የሚደነግግ ሕግ ደካማውን ወገን ከመጠበቅ አልፎ ቃልን ራሱን ያከብራል።