በመጻጉዕና በደብረ ዘይት መካከል፤ ሳያም ስለ መመርመር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ከዐቢይ ጾም ሰንበታት አራተኛው መጻጉዕ፣ አምስተኛው ደብረ ዘይት እንደሚባል ሁላችን እናውቃለን። በመጻጉዕ ሠላሳ ስምንት ዓመት ከአልጋው ጋር ተጣብቆ የኖረውን ድውይ እናስባለን። በደብረ ዘይት ደግሞ ጌታችን ለደቀ መዛሙርቱ ስለ መንቃትና ስለ መዘጋጀት ያስተማረውን እንሰማለን። ሁለቱ ሰንበታት ተከታትለው መምጣታቸው ሁለት ግዴታዎችን አንድ ላይ ያሳስበናል፤ እነርሱም የታመመውን መርዳትና ሳይታመሙ መንቃት ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ግዴታዎች ይዘን ስለ ካንሰር፣ አባቶቻችን ነቀርሳ ስለሚሉት በሽታ፣ እንናገራለን።

ይህን እንድንጽፍ ያስገደደን የራሳችን በደል ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በኅዳር ወር፣ አንዲት እኅታችን ከቅዳሴ በኋላ ለብቻችን ልታነጋግረን ፈለገች። በጡቷ ላይ የማያም እብጠት ማግኘቷን፣ ለባሏም ለልጇም አለመናገሯን ገልጻ ምክራችንን ጠየቀች። እኛም ልናጽናናት ፈልገን፣ «አይዞሽ፤ ካላመመሽ ምንም አይደለም፤ ጸበሉን ጠጪ፣ እመቤታችን ታውቃለች» አልናት። አንድ ቃል ግን ሳንናገር ቀረን፤ ወደ ሐኪም ሂጂ አላልናትም። እርሷም መጀመሪያ የነቢያት ጾም እስኪፈታ፣ ከዚያም ፋሲካ እስኪያልፍ፣ ከዚያም ልጇ እስክትመረቅ እያለች ቀኑን ገፋችው። በመጨረሻ የወገብ ሕመም አስገድዷት በሄደች ጊዜ በሽታው ከጡቷ አልፎ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። በዐርባ ቀኗ ከጸሎቱ በኋላ ልጇ ወደ እኛ ቀርባ፣ «ጋሼ፣ እናቴ መጀመሪያ ያማከረችው እርስዎን እንደ ነበር በመጨረሻ ነግራኛለች፤ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችን። እውነት ነው አልናት። ከዚያ በላይ የምንመልሰው አልነበረንም።

በዚያ ምክራችን ውስጥ ሁለት ስሕተቶች ነበሩ። አንደኛው፣ የማያም ነገር አይጎዳም ማለታችን ነው። ሁለተኛው፣ ጸበሉን ጠቅሰን ሐኪሙን መተዋችን ነው። ሁለቱንም በየተራ እንመልከት።

ሰውነታችን የተሠራው ከእልፍ አእላፋት ሕዋሳት ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ በተሰጠው ሥርዓት ይራባል፤ ጊዜው ሲደርስም ይሞታል። ካንሰር የሚባለው ሕዋሳት ይህን ሥርዓት አፍርሰው ያለ ልክ ሲራቡ፣ አጠገባቸው ያለውን ሥጋ ሲወርሩ፣ በኋላም በደም ተጉዘው በጉበት፣ በሳንባ ወይም በአጥንት ላይ ሲሠፍሩ ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ዓመታት ይፈጃል። በእነዚያም ዓመታት ሰውየው ይሠራል፣ ይስቃል፣ ማሕሌት ይቆማል። ሕመሙ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው። እንግዲህ «አላመመኝም» ማለት «ጤነኛ ነኝ» ማለት አይደለም። ሌባ የሚመጣበትን ሰዓት ቢያውቅ ኖሮ ባለቤቱ ነቅቶ ቤቱን በጠበቀ ነበር ተብሎ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 የተነገረው ምሳሌ ስለ ነፍስ ነው፤ ሥጋንም መጠበቅ ግን የነፍስ ማደሪያዋን መጠበቅ ነው።

እንደ እኛ ከአገሩ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1913 ወደ አሜሪካ የመጣው ግሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ፓፓኒኮላዎ ይህን የተረዳ ሰው ነበር። ከማሕፀን በር በቀላሉ የተወሰደ ናሙና በአጉሊ መነጽር ቢታይ ካንሰሩ ገና ሳይጸና ሊታወቅ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1943 ከባልደረባው ጋር ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ። ባለቤቱ አንድሮማኪ ለምርምሩ ለብዙ ዓመታት የራሷን ናሙና ትሰጠው ነበር። ዛሬ ፓፕ የሚባለው ምርመራ ስያሜውን ያገኘው ከእርሱ ነው። ሳያም የሚደረግ ምርመራ፣ ቅድመ ምርመራ የምንለው፣ ትርጉሙ ይኸው ነው፤ በሽታው ድምፁን ሳያሰማ ፈልጎ ማግኘት ማለት ነው።

በዚህ አገር የሚሰጠው የባለሙያዎች ምክር በአጭሩ እንዲህ ነው። ሴቶች ከ40 እስከ 74 ዓመት በየሁለት ዓመቱ የጡት ራጅ፣ ማሞግራም የሚባለውን፣ ይነሡ። ከ21 እስከ 29 ዓመት በየሦስት ዓመቱ ፓፕ ይመርመሩ፤ ከ30 እስከ 65 ዓመት ይህንኑ በየሦስት ዓመቱ ወይም የቫይረሱን ምርመራ በየአምስት ዓመቱ ያድርጉ። ወንድም ሴትም ከ45 እስከ 75 ዓመት የትልቁን አንጀት ምርመራ ያድርግ፤ ይህም በኮሎኖስኮፒ ወይም በቤት ከሚወሰድ የሰገራ ናሙና ይፈጸማል። ከ50 እስከ 80 ዓመት ሆኖ በቀን አንድ ፓኮ ሲጋራ ለ20 ዓመት ያህል ያጨሰ፣ አሁንም የሚያጨስ ወይም ከተወ 15 ዓመት ያልሞላው፣ ሳንባውን በየዓመቱ ይታይ። ስለ ፕሮስቴት ወንዶች ከ55 እስከ 69 ዓመት ባለው ጊዜ ከሐኪም ጋር መክረው ይወስኑ። በጥቁር ወንዶች ላይ ይህ በሽታ ስለሚበረታ፣ አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበትም ስላለ፣ ለእነዚህ ምክሩ ቀደም ብሎ ይጀመራል። ይህ ሁሉ ምንም ምልክት ለሌለው ሰው ነው። እብጠት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ በሰገራ ደም ወይም ካረጡ በኋላ መድማት የታየበት ሰው ግን ቀጠሮም ዕድሜም አይጠብቅም፤ በዚያው ሳምንት ወደ ሐኪም ይሂድ።

ለምርመራ ሄዶ «ተመልሰህ ና» የተባለ ሰው ፍርድ እንደ ተነበበበት አይቁጠረው። ለሁለተኛ ማሞግራም ከሚጠሩት ሴቶች አብዛኞቹ ካንሰር አይገኝባቸውም። በሽታውን የሚያረጋግጠው ባዮፕሲ ነው፤ ከእብጠቱ ጥቂት ሥጋ በመርፌ ተወስዶ በአጉሊ መነጽር ይታያል። በመካከላችን «ብረት ከነካው ይሠራጫል» የሚል ወሬ አለ። ሰዎች ብዙ ጊዜ ወደ ሐኪም የሚሄዱት በሽታው ከገፋ በኋላ ስለ ሆነ፣ የበሽታው ጥፋት በመርፌው ተሳበበ። ይህ ወሬ ሰውን ከሕክምና በማራቅ ያደረሰው ጉዳት ከመርፌው ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

መንሥኤውን በተመለከተ፣ ሁሉም ካንሰር ምክንያቱ አይታወቅም፤ ብዙ ጻድቅ ሰው ምንም ሳያጠፋ ይታመማል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ስለ ዕውሩ ሰው ማን በደለ ተብሎ ሲጠየቅ ጌታችን እርሱም ወላጆቹም አለመበደላቸውን መልሷል። ስለዚህ በሽታውን የእግዚአብሔር ቁጣ አድርጎ የሚያወራ ሰው ከወንጌሉ ጋር ይጣላል። ሆኖም ልንርቃቸው የምንችላቸው ነገሮች አሉ፤ ትምባሆ፣ የአልኮል መጠጥና ከልክ ያለፈ ውፍረት ከእነዚህ ዋናዎቹ ናቸው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ሁለት ቫይረሶች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን ብዙ ሰው ላይ ያለ፣ ለዓመታት ሳያም ቆይቶ የጉበት ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ነው። ክትባቱ በኢትዮጵያ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለድን ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ደማችንን ልንታይ ይገባናል። ሁለተኛው የማሕፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ክትባቱን መስጠት ጀምራለች፤ እዚህም በ11 ወይም በ12 ዓመታቸው ለሴትም ለወንድም ልጆች ይሰጣል። ክትባቱ ስለ ልጁ ጠባይ የሚናገረው ነገር የለም፤ ወላጆች ሆይ፣ በዚህ አትፈሩ።

ሌላም አደጋ አለ፤ እርሱም መደበቅ ነው። ሐኪሙ «እናትህ በምን ሞተች?» ብሎ ሲጠይቀን ስንቶቻችን እናውቃለን? «በድንገተኛ ሕመም»፣ «በክፉ በሽታ»፣ «በሆድ ሕመም» ተብሎ ነው የተነገረን። መርዶ እንኳ በስደት ላለ ሰው ሳምንታት ይደበቅ ነበር። ይህ ከርኅራኄ የመጣ ልማድ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን እናቷ በጡት ካንሰር መሞቷን ያላወቀች ልጅ ራሷን እንድትጠብቅ የሚያስጠነቅቃት የለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ የተመሠረተው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ የሚጠራው በሕፃንነቱ በደም ካንሰር ባረፈ ልጅ ስም ነው። ወላጆቹ ኀዘናቸውን ሳይደብቁ የሌሎች መጽናኛ አደረጉት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስሕተታችን እንመለስ። ጸበልና ሐኪም ይጣላሉን? በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ተጽፏል። ንጉሥ ሕዝቅያስ አልቅሶ በጸለየ ጊዜ ጸሎቱ ተሰምቶለታል፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ግን በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት አዝዟል። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። በእኛ ዘመን ደግሞ በእንጦጦ ማርያም ጸበል ብዙ ሕሙማን ለኤች አይ ቪ የታዘዘላቸውን መድኃኒት እየተዉ ሲጎዱ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። ጾምም ቢሆን ሰበብ አይሁን፤ ቤተ ክርስቲያን በሕመም የደከመውን አታስጨንቅም፤ ለምርመራ ወይም ለሕክምና የተለየ ምግብ የታዘዘለት ሰው ለንስሐ አባቱ ይንገር።

በመጨረሻም መጻጉዕን እናስብ። መዳን ይሻ እንደ ሆነ በተጠየቀ ጊዜ የመለሰው፣ ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው። ውኃው በአጠገቡ ነበረ፤ የጎደለው ሰው ነው። እኛም በቤድፎርድ የምንኖር እንዲሁ ነን። በዚሁ በከተማችን ሆስፒታል አለ፤ በፎርት ወርዝ ያለው ጆን ፒተር ስሚዝ ሆስፒታል ለታራንት ካውንቲ ነዋሪዎች የቆመ የሕዝብ ሆስፒታል ነው፤ በዳላስ ካውንቲ ላሉት ደግሞ ፓርክላንድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው ሕግ መነሻነት፣ መድን የሌላቸውና ገቢያቸው ያነሰ ሴቶች የጡትና የማሕፀን በር ምርመራ የሚያገኙበት አገልግሎት በቴክሳስም ይሰጣል። መድን ያላቸውም አብዛኞቹ እነዚህን ምርመራዎችና የአንጀትን ምርመራ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያገኛሉ። ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ በስልክ 2-1-1 ይደውል።

በአገራችን ለረዥም ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ሕሙማን ከጠረፍ ድረስ መጥተው ወረፋ ይጠብቁ ነበር። እኛ ግን በአጠገባችን ያለውን ሳንነካ እንቀራለን። ምክንያቱም ሌሊት ሲሠራ ያደረች እናት ማን ያድርሳት? እንግሊዝኛው የከበዳቸው አባት ማን ያስተርጉምላቸው? ሆስፒታሉ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ጠይቁ። የአሥር ዓመት ልጅ ለእናቱ የካንሰር ውጤት አስተርጓሚ አይሁን። ከዚህ የቀረው የእኛ ድርሻ ነው። በየማኅበሩ መኪና ያለው ያድርስ፣ ጊዜ ያለው ከውጭ ይጠብቅ፣ የሰማውንም ምስጢር ይጠብቅ። በሽታን ከሐኪም መደበቅ ሌላ፣ የሰውን ምስጢር መጠበቅ ሌላ ነው።

እኛም ከዚያች እኅታችን ዕረፍት በኋላ ራሳችንን አስመርምረናል፤ ዘግይተን ነው። አሁን ማንም ወደ እኛ መጥቶ «እብጠት አገኘሁ» ቢለን ጸሎት እናደርሳለን፣ ጸበሉንም አንከለክልም። ከዚያ ግን «ቀጠሮህ መቼ ነው? ማን ያደርስሃል?» ብለን እንጠይቃለን። ያልነውን መመለስ አንችልም፤ ሳንል የቀረነውን ግን ዛሬ ለእናንተ እንላለን። ከመጻጉዕ እስከ ደብረ ዘይት ሰባት ቀን ነው። በእነዚህ ሰባት ቀናት እያንዳንዳችን ለራሳችን አንድ ቀጠሮ እንያዝ፤ ሰው ለሌለውም አንድ ሰው እንሁን።

ቸሩ አምላካችን የታመሙትን ይማርልን፤ ያረፉትን ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለእኛም የምንነቃበትን ልብ ይስጠን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።