የሦስት ፊደላት ትርጉም የት ይኖራል?

እ.ኤ.አ. በ1961 ማርሻል ኒረንበርግና ሃይንሪክ ማቴይ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ውስጥ ባክቴሪያ ጨፍልቀው ባወጡት ጭማቂ ላይ ሰው ሠራሽ አርኤንኤ ጨመሩ። አርኤንኤው “ዩ” የምትባለውን ፊደል ብቻ የሚደጋግም ነበር። ነፍስ የሌለው ጭማቂ ፕሮቲን መሥራት ጀመረ፤ ሲመረመርም ፕሮቲን ከሚሠራባቸው 20 አሚኖ አሲዶች የተሰካካው ፌኒልአላኒን ብቻ ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው ቃል እንዲህ ተፈታ፦ ዩዩዩ ማለት ፌኒልአላኒን ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ 64ቱም ባለ ሦስት ፊደል ቃላት ታወቁ። 61ዱ አሚኖ አሲድ ይጠራሉ፤ 3ቱ ሥራው እንዲቆም ያዝዛሉ።

እኔን የሚይዘኝ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው። ዩዩዩ ፌኒልአላኒን የሆነው በምን ምክንያት ነው? በፊደላቱና በአሚኖ አሲዱ መካከል መመሳሰል ቢፈለግ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አይገኝም። እንዲያውም ሁለቱ አይነካኩም። ከዲኤንኤ የተገለበጠው መልእክት ፕሮቲን ወደሚሠራው ራይቦዞም ሲደርስ አሚኖ አሲዱን ይዞ የሚመጣው ሌላ አገናኝ ነው። ፍራንሲስ ክሪክ ይህ አገናኝ ገና ሳይታይ፣ በ1955፣ መኖር አለበት ብሎ ነበር። ዛሬ ትራንስፈር አርኤንኤ እንለዋለን። በአንድ ጫፉ ሦስቱን ፊደላት ያነባል፣ በሌላው ጫፉ አሚኖ አሲድ ይሸከማል። በሁለቱ ጫፎች መካከል ወደ 7 ናኖሜትር የሚጠጋ ርቀት አለ፤ በሞለኪውል ዓለም ይህ ሩቅ ነው።

በ1962 ፍራንስዋ ሻፕቪል ከነፍሪትዝ ሊፕማን ጋር የሠራው ሙከራ ይህን ርቀት ወለል አድርጎ አሳየ። ሲስቲን የተባለውን አሚኖ አሲድ የተሸከመውን አገናኝ ወስደው፣ ኒኬል ተጠቅመው፣ ከሲስቲኑ ላይ ድኙን ገፈፉት። ድኝ ያጣ ሲስቲን ሌላ አሚኖ አሲድ፣ አላኒን፣ ይሆናል። አገናኙ አልተነካም፤ ሸክሙ ብቻ ተለወጠ። ራይቦዞሙ የሲስቲን ቦታ ሲደርስ አላኒኑን ያለ ምንም ማመንታት ሰካው። ሸክሙን አይፈትሽም፤ የሚያየው የፊደላቱን መገጣጠም ብቻ ነው።

እንግዲያስ ትርጉሙን የሚጠብቁት እያንዳንዱን አሚኖ አሲድ ከትክክለኛው አገናኝ ጋር የሚያጣምሩት ኢንዛይሞች ናቸው ማለት ነው። ሥራቸው ከባድ ነው። ቫሊንና አይሶሉሲን የተባሉት አሚኖ አሲዶች የሚለያዩት በአንድ ካርበንና በሁለት ሃይድሮጂን ብቻ ነው። የአይሶሉሲን ኢንዛይም አልፎ አልፎ ቫሊን ይይዛል፤ ነገር ግን ሁለተኛ መፈተሻ ቦታ አለው፣ የተሳሳተውን እዚያ ቆርጦ ይጥላል። በአንድ ሕዋስ ውስጥ ይህን የመሰለ ጥንቃቄ ያለ ዕረፍት ሲካሄድ ማሰብ እኔን ዝም ያሰኘኛል።

እነዚህ ኢንዛይሞች ራሳቸው ፕሮቲኖች ናቸው፤ መመሪያቸውም ያለው በዚያው ዲኤንኤ ውስጥ ነው። ጽሑፉ አንባቢዎቹን ይዟል፤ ነገር ግን አንባቢ ቀድሞ ከሌለ አይነበብም። ፊደል ገበታ የኔታ ከሌሉ ለሕፃኑ ምን ያደርግለታል? ለዚህም ነው ሕዋስ ከሕዋስ ብቻ የሚወለደው። የእናት እንቁላል ዲኤንኤ ብቻ ይዞ አይመጣም፤ ራይቦዞሙን፣ አገናኞቹንና አጣማሪ ኢንዛይሞቹን አሰናድቶ ያስረክባል። ስለ ውርስ ስናወራ ይህን ክፍል እንዘነጋለን። ስለ ዘረ መል የሚጻፈው ሁሉ በፊደሉ ላይ ያተኩራል፤ ንባቡም ሳይቋረጥ ከእናት ወደ ልጅ መተላለፉን ግን እምብዛም አያነሳም።

ንባቡ ሲለይ ምን እንደሚሆን ለማየት ከራሳችን አካል መራቅ አያስፈልግም። ኃይል የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ የራሱ አጭር ዲኤንኤ፣ የራሱም አገናኞች አሉት። ዩጂኤ በቀረው የሕዋሱ ክፍል “አቁም” ማለት ነው፤ በማይቶኮንድሪያ ግን ትሪፕቶፋን የሚባል አሚኖ አሲድ ይጠራል። ከእናት የሚወረሰውና ወጣቶችን የሚያሳውረው የሌበር የዓይን ነርቭ ሕመም አንዱ መነሻ በማይቶኮንድሪያው ኤንዲ4 ዘረ መል ላይ የሚፈጠር ለውጥ ነው። ጤነኛውን ዘረ መል በቫይረስ አስይዘው ወደ ዓይን ለማስገባት የሞከሩ ተመራማሪዎች እንዳለ ሊያስገቡት አልቻሉም። ዘረ መሉ አሁን የሚነበበው ከማይቶኮንድሪያው ውጭ ስለሆነ፣ ፕሮቲኑ መንገድ ላይ ተቋርጦ እንዳይቀር ቃላቱን አስቀድመው ለአዲሱ አንባቢ እንዲስማሙ አድርገው መጻፍ ነበረባቸው።